እግሩ፣ ጥርሱ እና አያ ፈንታ

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ለመታየት ወደ ባሕር ዳር ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ጎማው ፈነዳ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ ብቻ» አለን። የሾፌር አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ስለማውቅ ወርጄ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰው ሁሉ ጥላ ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ጥላ ደግሞ ክፉ ነው፣ ማንን እንደሚመስል አይታወቅም። አንዳንዱ በትከሻው፣ አንዳንዱ በአረማመዱ የሞተ ሰው ይመስለኛል። ወንድሜን አያ ፈንታን በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ጊዜ በገበያ መሐል እንዳየሁት አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ አሮጊቷን ነካ አድርጓታል ትላላችሁ። እና ከጥላዎቹ አንዱ ፊቴ መጥቶ ቆሞ «እትዬ የሺ! እርስዎ ነዎት?» ሲለኝ ክው አልኩ። «ኑረዲን ነኝ፣ የሐጂ እንድሪስ ልጅ። እናንተ ዘንድ ኮምፒውተር የተማርኩት!»

ቀረብ ብሎኝ ሳየው ያ ቀጭን ልጅ ሆዱ ቀድሞት፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ትልቅ ሰው ሆኗል። ባሕር ዳር የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለው። እናቱን ሊጠይቅ ደብረ ታቦር ሰንብቶ እየተመለሰ ነው፤ ለካ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ኖሯል። ጎማው ተቀይሮ ስንነሳ ከጎኔ የነበረውን ተሳፋሪ አባብሎ ቦታ አስቀየረና አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ዓይኔ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ኔትወርክ መጥፋት ሁሉም ሰው የሚያማርረውን እኛም አማረርን። ከዚያ «እትዬ፣ እግሩና ጥርሱ ትዝ ይሉዎታል?» አለኝ። መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቄ ግን መሐል ላይ ቀረ። እነዚያን ሁለት ቃላት አንድ ላይ፣ አያ ፈንታ ከሞተ ወዲህ፣ ከማንም አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወደዚያ ዘመን ልመልሳችሁ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ልጃገረዶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ቀሚስ ለብሰው ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጥቁር ጫማ የሚያደርጉበት ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ያኔ በክረምት ጉሙ ከጉና ወርዶ መንገዱን ሲሞላው፣ የባሕር ዛፍ ጭስም ሲጨመርበት፣ ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በሳሉ ነበር። የሥራ ቤታችን ከአጅባር ሜዳ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረ፤ አንዲት ክፍል፣ ግድግዳዋ እስከ ወገቧ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ከጎናችን ካሴት ቤት ነበር፤ አንድ ዘፈን ከወደደ ክሩ እስኪበጠስ ድረስ እሱኑ ያስጮኸዋል። ዛሬም የዚያን ጊዜ የክራር ዘፈን በየታክሲው ስሰማ ጣቶቼ ሳላዛቸው ኪቦርድ ይፈልጋሉ። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ጣቴ ካርቦን ካርቦን እየሸተተ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ «ኮምፒውተር የማይችል ይቀነሳል» የሚል ወሬ ተነዛ። እኔም ሳልቀነስ ራሴን ቀንሼ፣ ከአያ ፈንታ ጋር ማሰልጠኛና ጽሕፈት ቤት ከፈትን። አንድ ገጽ በሁለት ብር እንጽፋለን፤ መማር ለሚፈልግ እናስተምራለን። ባሌ ትቶኝ ከሄደ ቆይቷል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ያች ክፍል ከተዘጋች መመለሻ የለኝም ነበር።

አያ ፈንታ ታላቄ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ድጓ ቤት ነበር፤ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የተማረ ሰው ነው። በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ገባና ሒሳብ ተማረ፤ ኮምፒውተሩንም ከኮሌጅ ጓደኞቹ ለመደ። ድጓ ቤት ግን ከውስጡ አልወጣም። እንግሊዝኛ ሲያነብ እንኳ በከንፈሩ በዜማ ነበር የሚያነብ፤ ስክሪኑ ፊት ቆሞ፣ ሰውነቱን ቀስ እያደረገ እያወዛወዘ። ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር። እኔም እስቅበት ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ያ ጉምጉምታ ከጓዳ የሚሰማኝ ቀን አለ፤ ቶሎ ብዬ ሬዲዮ እከፍትበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኮምፒውተሮቹን ከካርቶን ያወጣን ዕለት ነው። ከተማው ሁሉ የሚጠቀመው ዊንዶውስ ነበር፤ ሁሉም ደግሞ ከሰው ሰው የተቀዳ፣ የመክፈቻ ቁጥሩ ሲዲው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈበት። ይህን ስርቆት ነው ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው በአገሩ አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲጫን ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ያስቀምጣል። ያን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም። አያ ፈንታ መዝገበ ቃላት ይዞ ተቀመጠና ከዳር እስከ ዳር፣ በዜማ፣ አነበበው። ሲጨርስ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«የሺ፣ ይህ እኮ አትቅዳ ይላል» አለኝ። «እኛ ደግሞ ቀድተናል። ቀድተን ይዘን አልቀዳንም ብለን ልንምል ነው?»

«ማን ማል አለህ? ተጫነውና እንለፍ!»

«እስማማለሁ ማለት ቃል መስጠት ነው። ቃሉን ከሰጠሁ በኋላ ወዴት አደርገዋለሁ?»

በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን ግዝት ታውቁት ይሆናል፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ ወይም የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚለውን። አያ ፈንታ ያን እያየ፣ ያን እየፈራ ነው ያደገ። የኮምፒውተሩም ጽሑፍ ለእሱ ያው ነበር። ሌላው ሰው ቁልፍ ያያል፤ እሱ ግዝት ያያል። እኔ ሳቅኩበት። ሳቄ ግን እጁን ወደ ማውሱ አልመለሰውም።

ስለዚህ ከኮሌጅ ጓደኛው ሲዲ አመጣ። በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ፣ ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። የዚህኛው ፈቃድ ደግሞ ቅዳ፣ ስጥ፣ ከፈለግህም አሻሽል፤ ብቻ ለአንተ እንደተሰጠህ አንተም ለሌላው ስጥ ይላል። አያ ፈንታ ይህን ሲያነብ ፊቱ በራ። «ይህማ የኔታ ናቸው!» አለ። የድጓ መምህር ዕውቀቱን አይሸጥም፤ ተማሪው እየለመነ ይበላል፣ በነጻ ይማራል፣ ነገ በነጻ ያስተምራል። እኔም በዚህ አልተጣላሁትም። በነጻ የመጣ ነገር እኔን ምን ያስከፋኛል?

የተጣላነው በሌላ ነው። ሲዲው ውስጥ ሁለት ዓይነት ገጽታ ነበረ፤ ገጽታ ስል ኮምፒውተሩ ሲከፈት የምታዩትን ፊት፣ መስኮቱን፣ ሥዕሉን፣ ቁልፉን ማለቴ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ ትጭናላችሁ። የአንደኛው ምልክት የእግር ዱካ ስለሆነ ተማሪዎቹ «እግሩ» አሉት። የሌላው ምልክት ባለ ጥርስ ጎማ ነው፤ «ጥርሱ» ተባለ። እግሩ ግራጫ ነበር፣ ኮስታራ፣ አማርኛ ስትጽፉበት በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን የሚደረድር። ጥርሱን የአያ ፈንታ ጓደኛ በራሱ ማሽን አሳይቶናል። ዓይን ይስባል፤ ዊንዶውስ የለመደ ሰው ግራ አይጋባበትም፤ ፊደላችንም ቁልጭ ብሎ ይነበብበታል። ደኅና ሰው ጥርሱን ይመርጣል። አያ ፈንታ እግሩን መረጠ።

ለምን ቢሉ፣ ከሲዲው ጋር አብሮ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት አግኝቷል፤ ሽፋኑ የተገነጠለ። መጽሔቱ ጥርሱ የተሠራው የአንድ ኩባንያ ንብረት በሆነ ነገር ላይ ነው ይላል። ልትጠቀምበት ትችላለህ፤ ለውጠህ ለሌላ ሰው ልትሰጥ ግን አትችልም። አያ ፈንታ ደግሞ እያሻሻለ ለተማሪዎቹ ሊሰጥ ያስብ ስለነበር፣ ጥርሱን እስማማለሁ ብሎ መጫን ለእሱ ያው የሐሰት መሐላ ነው።

«ላዩ ነጻ ነው፣ ወለሉ የሰው ነው» አለኝ አያ ፈንታ። «ነገ ባለ ወለሉ ተነሱ ቢለንስ? እነዚህን ልጆች የሰው ወለል ላይ አስቀምጠን ቤታችሁ ነው ልንላቸው ነው?»

«አያ፣ እኔ ቤት ስገባ ወለሉን ማን አነጠፈው አልልም። ጣራው ያፈሳል ወይ ነው የምል።»

«አንቺማ!» አለና ወደ ስክሪኑ ዞረ። በዚያች «አንቺማ» ብዙ ክርክር ዘግቷል።

ጣራው ግን ማፍሰስ ጀመረ። መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ማሰልጠኛ ተከፈተ፤ የተቀዳ ዊንዶውስ፣ የተቀዳ የግዕዝ መጻፊያ፣ ደጁ ላይ ባለ ቀለም ማስታወቂያ። ተማሪዎቻችን አንድ በአንድ ወደዚያ ፈለሱ። አንዷ ልጅ ፊት ለፊት «እትዬ፣ ሥራ ስጠየቅ እግሩን እችላለሁ ልበል?» ብላኝ ወጣች። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። አንድ ቀን ከፋርጣ የመጡ አባት የመሬት ማመልከቻ አስጻፉን። ወረቀቱ ሲወጣ ግማሹ ፊደል ሳጥን ነው። አባትየው ዘቅዝቀውም አቅንተውም አዩትና «ልጄ፣ እኒህ መስኮቶች ምንድን ናቸው?» አሉኝ። አፍሬ፣ የድሮ ታይፔን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በእሱ ጻፍኩላቸው። አያ ፈንታ ይህን ሁሉ ያያል፤ ያዝናልም። ቀኑን ሙሉ ያን ሳጥን ለማጥፋት ይታገላል፤ አንዱን ፊደል ሲያቀና ሌላው ይጠፋል። ጥርሱን እንጫን ስለው ግን መልሱ አንድ ነበር።

ሲብስብኝ ጎትቼ የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰድኩት። መምሬ ዓለሙ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት የሰርግ ጥሪ እንደሚታተምበት ብቻ ነው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በጭራቸው ዝንቡን እየከለከሉ እስክንጨርስ ሰሙን።

«እንግዲህ» አሉ፣ «የሚምለው ለማን ነው?»

«ኧረ አይምልም አባ! ቁልፍ ነው የሚጫነው» አልኩ።

«ለኩባንያ ነው፣ ባሕር ማዶ ላለ» አለ አያ ፈንታ።

«ያውቅሃል?»

«አያውቀኝም።»

«አንተስ ታውቀዋለህ?»

«እሱን አላውቀውም። ፈቃዱ ምን እንደሚል ግን መጽሔት ላይ አንብቤያለሁ።»

መምሬ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ያ ነው እንግዲህ» አሉ። «ያነበበ ሰው ይታሰርበታል። ያላነበበማ ምኑን አውቆ ይታሰራል? ሕፃን ልጅ ቢምል ማን ይይዘዋል?»

ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «እንግዲያው እኔ አላነብም!» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ የምጫነው እኔ ነኝ።» መምሬ ከት ብለው ሳቁ። አያ ፈንታ አልሳቀም። «በእኔ ስም አይሁን ብቻ» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ሕፃን ሆንኩ።

ያን ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሊያሰለጥን ቤት እያማረጠ ነው ሲባል ሰማሁ። መጥተው ያያሉ፤ ካልወደዱት ወደ መናኸሪያው ይሄዳሉ፤ እኛም በራችንን እንዘጋለን። አያ ፈንታ ፍልሰታ ሲገባ ልማዱ ነው፣ ሱባኤ ሊይዝ ጣራ ገዳም ወጣ። እሱ እንደወጣ ሲዲውን አነሳሁና፣ ጎበዝ ተማሪያችን ከነበረው ከኑረዲን ጋር፣ ከአያ ፈንታ ከራሱ ማሽን በስተቀር በሁሉም ላይ ጥርሱን ጫንን። የተለመደው ረጅም ጽሑፍ መጣ። ኑረዲን ሊያነበው አንገቱን ሲያሰግግ በመዳፌ ዓይኑን ጋረድኩት። «አታንብብ!» አልኩት። «ያነበበ ይታሰርበታል!» ተሳሳቅን። ከዚያ በጣቴ ተጫንኩት። የባለቤት ስም ሲጠይቀኝ ደግሞ፣ በፊትም የነበረው የአያ ፈንታ ስም ስለሆነ፣ ያንኑ ጻፍኩ። በዚያች ደቂቃ ሌላ ስም ትዝ አላለኝም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ፣ አዩ፣ ወደዱ። በሳምንቱ ቤቱ በሰው ተሞላ።

አያ ፈንታ ፍልሰታ ተፈትቶ ሲመለስ በጾም መንምኖ፣ ጋቢው በላዩ ላይ ሰፍቶት ነበር። ገብቶ ቆመ። በየስክሪኑ ጥግ ስሙን አየው።

«እስማማለሁ የሚለውን ማን ተጫነው?» አለኝ።

«እኔ። ሳላነብ።»

«ስሙ ግን የእኔ ነው።»

«እና ስም ብቻ አይደል?»

«አንቺ አላነበብሽም፣ እኔ ግን መጽሔቱን አንብቤያለሁ» አለ፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «እያወቅሁ፣ በእኔ ስም፣ የሐሰት ቃል ሰጠሽብኝ።»

«ቁልፍ ነው አያ! ቁልፍ! መስቀል አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሰልጣኞቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እሱ መጽሔቱንና ጥቂት ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ወጣ። ቢሰድበኝ ደግ ነበር። እብናት የሒሳብ መምህር ይፈለጋል ሲባል ሰምቶ ኖሮ እዚያው ሄዶ ተቀጠረ።

እኔም በግኜ ነበርና ጥርሱንም እርግፍ አድርጌ ተውኩት። እሱ ከሄደ ምን ይይዘኛል? በሁሉም ማሽን ላይ የተቀዳውን ዊንዶውስ ጫንኩ፤ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ። ገበያው ደራ። ያልነካሁት የእሱን ማሽን ብቻ ነው። ያች ማሽን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሷ እንድትነሳ አድርጎ አዘጋጅቷት ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ «ኤዲያ!» ይላል፤ ሲመጣ፣ ማንም ሳይነካት፣ ጥግ ላይ እሷ ትቃትታለች፣ ትነሳለች። ዱካው ይወጣል። ከሥሩ የአያ ፈንታ ስም፣ ከስሙ ሥር የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ባዶ ቦታ። ያን ባዶ ቦታ በማውቀው ቃል ሁሉ ሞከርኩት፤ በእናታችን ስም፣ በደብሩ ስም፣ በራሴም ስም። አልከፈተልኝም። ተማሪዎች አጠገቧ መቀመጥ ይፈሩ ነበር፤ እኔም ደፍሬ ከሶኬት አልነቀልኳትም። ነቅዬ ብጥላት እሱን ያባረርኩት ይመስለኝ ነበር።

እብናት ወደ ቆላው ይቀርባል፣ ወባ አለ። በሄደ በዓመቱ ገደማ ታመመ ብለው ላኩብኝ። ስደርስ ገንዘውት ነበር። ከዚያች ከበራችን ከወጣባት ቀን ወዲህ በሕይወት ሳለ አልተያየንም። ያች ማሽን ግን እሱ ከተቀበረም በኋላ፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ስሙን ይዛ ትነሳ ነበር። አንድ ቀን መብረቅ መታትና ተኛች፤ አለቀስኩላት።

ኑረዲን «እግሩና ጥርሱ ትዝ ይሉዎታል?» ሲለኝ ይህ ሁሉ ነው ያለፈብኝ። ሚኒባሱ ይከንፋል፤ በመስኮቱ በኩል አረንጓዴና ቡናማ ነገር ሲያልፍ ይታየኛል፤ ማሳ ይሁን ሰው አለየሁትም።

«ትዝ ይሉኛል» አልኩት።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና ያ ጠብ እኮ በባዶ ነበር።»

«እንዴት በባዶ?»

«መጽሔቱ አሮጌ ነበረ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ፈቃዱን ለውጦታል። ጥርሱ ከነወለሉ ነጻ ወጥቶ ነበር። እናንተ ቤቱን ሳትከፍቱ በፊት እኮ ነው! ወሬው ደብረ ታቦር አልደረሰም እንጂ።»

«የእኛ ሲዲስ?»

«የእናንተው ሲዲ ራሱ ነጻ የወጣው ነበር» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «ያኔ ዓይኔን በመዳፍዎ ሲጋርዱኝ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ፣ ያው የእግሩ ፈቃድ ነበር። ቃል በቃል። ቅዳ፣ ስጥ የሚለው።»

 እሱ የጥርሱን ፈቃድ ራሱን ያላነበበው ጥርሱን ላለመንካት ነው። እኔ ያላነበብኩት ላለመታሰር ነው። ጽሑፉ በመካከላችን በርቶ ቆሞ ነበር፣ ከሁለታችን አንዳችን ቀና ብለን ብናየው ኖሮ ወንድሜ እብናት ባልወረደ ነበር። ንዴት ያዘኝ፤ በማን ላይ እንደምናደድ አጣሁ። በመምሬ ላይ ተናደድኩ፣ በመጽሔቱ ላይ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በአያ ፈንታ ላይ፣ አፈር ሳይጫነው እንደነበረው ሁሉ፣ ተናደድኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ።

«ሳያውቅ ሞተ» አልኩ። «ይህን ሳያውቅ ሞተ ወንድሜ!»

ኑረዲን ወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል። «ጋሽ ፈንታ ያውቁ ነበር፣ እትዬ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ሲዲውን ቤቴ ወስጄ አንብቤው ነበር። ከአባቴ ጋር እህል ልንገዛ እብናት ገበያ ስንወርድ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ጽሑፉን ገልብጬ ይዤላቸው ስለነበር ሰጠኋቸው፤ እዚያው ገበያው መሐል ቆመው፣ ያውቁ የለ፣ በዚያ በዜማቸው አነበቡት። ከዚያ ሳቁ። ወላሂ ጋሽ ፈንታ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ‹የሺ ሳታነብ አሸነፈችኝ› አሉ። በማግስቱ ከእኛ ጋር በጭነት መኪናው ተሳፍረው መጡ።»

«ወዴት መጣ?»

«ወደ ደብረ ታቦር። እናንተ ቤት ድረስ።»

እጁን ያዝኩት። ምን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት አላውቅም።

«ከመንገዱ ማዶ ቆምን» አለ። «ቤቱ በሰልጣኝ ሞልቷል። ልጆቹ ኮምፒውተሮቹን በየተራ ሲከፍቱ የዊንዶውሱ ድምፅ እየተከታተለ ይሰማል። ሁሉም የተቀዳው መሆኑ ገባቸው። ‹ይግቡ እንጂ ጋሼ› አልኳቸው። ‹ቤቱ ሞልቶላታል› አሉኝ። ‹እኔን ታውቀኛለህ፤ ከገባሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ይህን ሁሉ አውጪ እላታለሁ፣ ልጆቿን ከምን ታበላለች?› አሉኝ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ‹መጥቼ እንደነበር እንዳትነግራት› ብለው ቃል አስገቡኝ። ጠብቄላቸው ነበር እትዬ። አሁን ግን እንዲህ ሲያለቅሱ አልቻልኩም።»

«ምን ለብሶ ነበር?» አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

ኑረዲን ብዙ አሰበ። «አላስታውስም እትዬ» አለኝ።

ባሕር ዳር ገባን። ሐኪሙም ዓይኔን አየው፤ ሞራው ይነሳል፣ ታያለሽ አለኝ። እኔ ግን በልቤ የማየው አያ ፈንታ ከመንገዱ ማዶ የቆመባትን ቀን ነበር። ከመንገዱ የሚገባው ብርሃን ዓይኔን ስለሚወጋኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ወደ በሩ አድርጌ ነበር የምቀመጥ። ስለዚህ ያየው ጀርባዬን ነው። ጎንበስ ብዬ እየጻፍኩ፣ የሰው ማመልከቻ። ሰልጣኙ ይጫጫል፣ መንገዱ ይጮኻል፣ የመኪናው ጡሩምባ አለ። ቢሆንም፣ ስሜን ቢጠራኝ እሰማው ነበር።